ርካሽ ስልክ ከውድ ፕሮሰሰር ጋር፦ ለሰሜን ሸዋ ሰው ያዋጣል ወይ?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ያዋጣል፤ ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። ስልኩን አራት አምስት ዓመት ልትይዙት ካሰባችሁ ያዋጣል። ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ የምትቆርጡ፣ ከባድ ጌም የምትጫወቱ፣ ወይም ስልኩ በላፕቶፕ ፋንታ የሚያገለግላችሁ ተማሪዎች ከሆናችሁም ያዋጣል። ስልክ ለእናንተ ቴሌግራም፣ ቴሌብር፣ ዩቲዩብና መደወያ ከሆነ ግን ያንኑ ብር ጥሩ ባትሪና ጥሩ ስክሪን ላይ ብታውሉት የበለጠ ትደሰታላችሁ።

ችግሩ፣ ሞባይል ቤት ስትገቡ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ሻጩ ቀድሞ የሚጠራው የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የስልኩ አእምሮ የሆነውን ቺፕ፣ ስም ነው። «ይሄ እኮ ስናፕድራጎን 8 ነው፣ ትልቁ ሳምሰንግ ላይ ያለው» ይላችኋል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን የትኛው 8? መቼ የወጣው? አብሮት ያለው ሜሞሪ ምን ዓይነት ነው? ሲሞቅስ ምን ይሆናል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የስልክ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። አንዴ የገዙትን ስልክ ካልተመቸኝ እቀይረዋለሁ ማለት ለብዙ ሰው ቀርቷል። ስለዚህ ብሩ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች እንጨርሳቸው።

ብሩ የተቀነሰው ከምን ላይ ነው?

ስልክ አምራች ተአምር አይሠራም። ውድ ፕሮሰሰር አስገብቶ በርካሽ ከሸጠ፣ ሌላ ቦታ ቀንሷል። መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ የተቀነሰው ነገር እኔን ይጎዳኛል ወይ?

የዚህ ዓይነት ስልክ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ሻኦሚ ፖኮፎን ኤፍ1 የሚባል ስልክ አወጣ። ህንድ ውስጥ መነሻ ዋጋው 20,999 ሩፒ ነበር፣ ያኔ ወደ 300 ዶላር ገደማ። ውስጡ ያለው ስናፕድራጎን 845 ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ 720 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው ጋላክሲ ኤስ9 ላይም ይኸው ቺፕ ነበር። ታዲያ 400 ዶላሩ የት ሄደ? ጀርባው ፕላስቲክ ነው። ስክሪኑ ደማቁ አሞሌድ ሳይሆን ርካሹ ኤልሲዲ ነው። ኤንኤፍሲ፣ ማለትም ስልኩን አስጠግቶ መክፈያው፣ የለውም። ካሜራው የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያስተካክለው ሌንስ የለውም። እንደ ሳምሰንጉ ውሃ አይችልም። መጀመሪያ ሲወጣ ኔትፍሊክስን በኤችዲ ጥራት ማሳየት እንኳ አይችልም ነበር። በሌላ በኩል ባትሪው 4000 ሚሊ አምፒር ነው፤ የኤስ9 ደግሞ 3000 ብቻ።

እኔ በዚህ ቅነሳ ብዙም አልከፋም። ስንከፍል ቁጥር እናስገባለን ወይ ኪውአር እናነባለን፤ ኤንኤፍሲ ባይኖር የሚጎድልብን ነገር የለም። ፕላስቲክ ጀርባ ሲወድቅ እንደ መስታወት አይሰነጠቅም፤ ድንጋይ በበዛበት መንገድ ለሚመላለስ ሰው እንዲያውም ጥቅም ነው። ውሃ አለመቻሉ ግን ያሳስበኛል፤ የደብረ ብርሃን የክረምት ዝናብ ጃኬት አልፎ ኪስ ድረስ ይገባል። አያችሁ፣ አንዱን ቅነሳ ማለፍ ይቻላል፣ ሌላውን አይቻልም፣ ይህም እንደ አኗኗራችን ይለያያል። እናንተም የምታዩትን ስልክ እንዲህ በየክፍሉ ፍቱት፤ የቀነሰውን በአንድ በኩል፣ የእናንተን ኑሮ በሌላ በኩል አድርጉ።

8 ሁሉ አንድ አይደለም

የፕሮሰሰር ስም ላይ ትንሽ ጊዜ ማጥፋት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ገዢ ብዙ ጊዜ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ስናፕድራጎን 870 እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ቢሆንም መሠረቱ የ2020ው 865 ነው፤ ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ አድርገው በአዲስ ስም ያወጡት። 860 ደግሞ የ2019ኙ 855 ፕላስ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ሁለቱም ጥሩ ቺፖች ናቸው። ግን አዲስ ነው ተብሎ የአዲስ ዋጋ ሲጠየቅባችሁ ዕድሜውን እወቁ። 7 ፕላስ ጄን 2 ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ስሙ 7 ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፣ ውስጡ ግን ከ8 ፕላስ ጄን 1 ጋር በጣም ይቀራረባል። የሻኦሚው ፖኮ ኤፍ5 ላይ ያለው እሱ ነው። 8ኤስ ጄን 3፣ ማለትም የፖኮ ኤፍ6 ቺፕ፣ የ8 ጄን 3 ታናሽ ወንድም ነው። ያቺ አንዲት ኤስ ፊደል ትልቅ ልዩነት አላት፤ ሻጩ ሲናገር ይዘላታል፣ እናንተ አትዝለሏት።

ሌላው ቺፕ ሠሪ ሚዲያቴክም ጋ እንዲሁ ነው። ዋናዎቹ ቺፖች ዳይመንሲቲ 9000ና ከዚያ በላይ የሆኑት ናቸው። 8200 እና 8300 ከእነሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላሉ፣ ግን ጎበዞች ናቸው። ኢንፊኒክስ ጂቲ 20 ፕሮ 8200ን፣ ፖኮ ኤክስ6 ፕሮ 8300ን ይዘዋል። ሁለቱም በ4 ናኖሜትር የተሠሩ ናቸው (ቁጥሩ ሲያንስ ቺፑ የበለጠ የረቀቀ ነው)፤ ለተመሳሳይ ሥራ ከድሮዎቹ ያነሰ ባትሪ ይበላሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው የጥሩ ፕሮሰሰር ጥቅም ይህ ነው። ርካሽ ስልኮች ላይ የምናገኛቸው ሄሊዮ ጂ85 ወይም ዩኒሶክ ቲ606 በ12 ናኖሜትር የተሠሩ ናቸው፤ ለያንዳንዱ ሥራ የበለጠ ኃይል ይፈልጋሉ። ማለትም ጥሩ ቺፕ ለጌም ብቻ አይደለም፣ ባትሪም ይቆጥባል።

አሁን መጠንቀቅ ያለባችሁ ሁለት ስሞች፦ ስናፕድራጎን 888 እና ስናፕድራጎን 8 ጄን 1። ሁለቱም በሳምሰንግ ፋብሪካ የተመረቱ ናቸው፣ ሁለቱም በሙቀት ይታወቃሉ። የስናፕድራጎን ባለቤት ኳልኮም ከ8 ጄን 1 በኋላ ምርቱን ወደ ታይዋኑ ቲኤስኤምሲ አዛወረና 8 ፕላስ ጄን 1 ወጣ፤ እሱ በጣም የተሻለ ነው። 8 ጄን 2 ደግሞ ከዚያም የተሻለ። ስለዚህ 888 ወይም 8 ጄን 1 ያለበት ስልክ እንግዳ በሆነ ዋጋ ሲቀርብላችሁ፣ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለ።

ደብረ ብርሃን ላይ የተፈተነ ስልክ ሸዋሮቢት ሲወርድ

ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው የስልክ ግምገማዎች ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ የተሠሩ ናቸው። እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ዋሻውን ወጥታችሁ፣ ደብረ ሲናን ተሻግራችሁ ሸዋሮቢት ስትደርሱ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ደጋና ቆላ ትቀያየራላችሁ። ስልካችሁም አብሮ ይቀያየራል።

ፕሮሰሰር ሲሠራ ይሞቃል። ሙቀቱ ከገደብ ሲያልፍ ስልኩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የስክሪኑን ብርሃን ያደበዝዛል፣ አንዳንዴ ካሜራውን ይዘጋል ወይ ቻርጅ መቀበል ያቆማል። ውድ ስልኮች ይህን ለመቋቋም ሙቀቱን ከቺፑ ነጥቆ በሰፊው የሚበትን የመዳብ ክፍል አላቸው። ርካሾቹ ላይ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ያንሳል። ውጤቱ ምን መሰላችሁ፣ ውድ ፕሮሰሰር ገዝታችሁ ለመጀመሪያዎቹ አምስት አስር ደቂቃዎች ብቻ ውድ ፕሮሰሰር ትጠቀማላችሁ፣ ከዚያ በኋላ መካከለኛ ቺፕ ካለው ስልክ ብዙም አይለይም።

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው፣ ይህ ችግር ብዙም አይሰማችሁም። አየሩ ራሱ ስልኩን ያቀዘቅዘዋል። መሐል ሜዳም አንኮበርም እንዲሁ። ሚያዝያና ግንቦት ሸዋሮቢት ወይም አጣዬ እኩለ ቀን ላይ ያንኑ ስልክ አውጥታችሁ ሠርግ ቅረጹ እስቲ። ያኔ ነው እውነቱ የሚታየው። ስለዚህ ቆላ ከሆናችሁ ወይም ሥራችሁ ወደ ቆላ የሚያመላልሳችሁ ከሆነ፣ ከቺፕ ጉልበት ይልቅ ቅዝቃዜውን አስቀድሙ፤ 7 ፕላስ ጄን 2፣ 8 ጄን 2፣ ወይም ዳይመንሲቲ 8200ና 8300 ያሉበትን ፈልጉ፣ 888ን ተዉት። ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው 888 ያን ያህል አያስከፋም፣ ዋጋው በጣም ከወረደ ደግሞ ሊታሰብ ይችላል።

ደጋም የራሱ ጣጣ አለው። የስልክ ባትሪ ብርድ አይወድም። በተለይ ያረጀ ባትሪ ጠዋት ብርድ ላይ 20 ፐርሰንት እያሳየ ድንገት ጭልም ሊል ይችላል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ስልኩን መስኮት ሥር ቻርጅ ላይ አታድርጉት፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን በቋሚነት ይጎዳል። ብርድ ነው ብላችሁም ብርድ ልብስ ውስጥ ከታችሁ ቻርጅ አታድርጉ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሰውን እንደሚያሞቅ ሁሉ ስልክንም ያሞቃል፤ ባትሪ የሚያብጠውና ቶሎ የሚያረጀው እንዲህ ሲታፈን ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ ክፍት ቦታ፣ በቃ።

ሜሞሪውን ሳታዩ ፕሮሰሰሩን አትመኑ

ስልክ የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ በፕሮሰሰሩ አይደለም። ፋይል የሚቀመጥበት ሜሞሪ ነው ቀርፋፋው። ርካሽ ስልኮች ላይ ያለው ኢኤምኤምሲ በሰከንድ 300 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ዩኤፍኤስ 2.2 ወደ 1000 ይጠጋል፣ ዩኤፍኤስ 3.1 ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ጥሩ ቺፕ ከቀርፋፋ ሜሞሪ ጋር ማጣመር ብርቱ በሬ በተሰነጠቀ ቀንበር እንደመጥመድ ነው። ዩኤፍኤስ 3.1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ 2.2ም ይበቃል፤ ኢኤምኤምሲ ከሆነ ግን የፕሮሰሰሩን ስም እርሱት።

ራም፣ ማለትም ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ፈጣን ሜሞሪ ላይ ደግሞ «8 ሲደመር 8፣ 16 ጊጋ ነው» የሚል ጨዋታ አለ። ሁለተኛው 8 እውነተኛ ራም አይደለም፤ ከፋይል ማስቀመጫው ላይ ተበድሮ የሚጠቀምበት ነው፣ በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ቦታም ይወስድባችኋል። እውነተኛ 8 ጊጋ ራም ካለ ለብዙ ሰው በቂ ነው። ለሚደመረው ነገር ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

እና 256 ጊጋ ፈልጉ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። እንደ ፖኮ ኤፍ3፣ ኤፍ5 እና ኤፍ6 ያሉት ሜሞሪ ካርድ አይቀበሉም። እኛ ደግሞ ፊልሙን፣ መዝሙሩን፣ ስብከቱን፣ የትምህርት ቪዲዮውን ስልክ ውስጥ አጭቀን የምንይዝ ሰዎች ነን፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያገለግለን እሱ ነው። 128 ጊጋ ቴሌግራም ብቻውን ይጨርሰዋል። ሜሞሪ ሲሞላ ደግሞ ምንም ዓይነት ፕሮሰሰር ይኑረው ስልኩ ይጎተታል።

መብራት፣ ቻርጀርና ኔትወርክ

እኛ ጋ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይታወቅም። ስለዚህ ፈጣን ቻርጅ ለእኔ ከፕሮሰሰር በፊት የሚመጣ ነገር ነው። 67 ዋት የሚቀበል ስልክ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሙሉ ይሆናል። 10 ዋት ቻርጀር ላይ ግን ያው ስልክ ሦስት ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የራሱ ቻርጀር መኖሩን አረጋግጡ፤ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቻርጀር 67 ዋት የሚል ጽሑፍ ስላለበት ብቻ 67 አይሰጥም። ባትሪው ከ5000 ሚሊ አምፒር ባያንስ ጥሩ ነው፣ በተለይ ገጠር ለምትመላለሱ። በአነስተኛ ሶላር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ፈጣን ቻርጅ ምንም አይጠቅማችሁም፤ የባትሪው ትልቅነት ነው ዋናው።

5ጂ አለው የሚለውን ለብቻው የመግዣ ምክንያት አታድርጉት። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ወደ አንኮበር ገደሎች ስትወርዱ 4ጂ ማግኘትም ዕድል ነው፤ ሲግናል ሲደክም ስልኩ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪውን ይጨርሳል። እዚህ ላይ ጥሩው ነገር አንቴናው ነው፣ እሱ ደግሞ ወረቀት ላይ አይጻፍም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አሁን የያዛችሁትን ስልክና አዲሱን አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሲም፣ ተራ በተራ እያደረጋችሁ ደውሉ።

ስለ ካሜራ አጭር ልበል። ጥሩ ፕሮሰሰር ደካማ ካሜራን አያድንም። ማታ ማኅሌት ላይ፣ ጧፍ ብቻ በራበት፣ ምስል የሚያወጣው ሰፊ ሴንሰርና እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያስተካክል ሌንስ ነው። ጀርባው ላይ አራት ካሜራ ደርድሮ ሁለቱ 2 ሜጋፒክሰል ከሆኑ፣ እነሱ ለቁጥር የገቡ ናቸው። የጥምቀት ፎቶ ለእናንተ ከጌም የሚበልጥ ከሆነ ሌላ ስልክ ፈልጉ።

የቻይና ነው ወይስ ግሎባል?

ይህ ክፍል ብዙ ብር ያድናችኋል። ሻኦሚ አንዱን ስልክ በሁለት ስም ይሸጣል። ፖኮ ኤፍ5 ቻይና ውስጥ ሬድሚ ኖት 12 ተርቦ ነው፤ ፖኮ ኤፍ6 ደግሞ ሬድሚ ተርቦ 3 ነው። የቻይናው ይረክሳል። ነጋዴዎች የቻይናውን ያመጡና የሌላ አገር ሶፍትዌር ጭነው (ፍላሽ አድርገው) ግሎባል፣ ማለትም ለዓለም ገበያ የተሠራ፣ ብለው ይሸጡታል። መጀመሪያ ሲታይ ምንም አይለይም። በኋላ ግን አፕዴት እምቢ ይላል፣ የባንክ መተግበሪያ ስልኩ ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ አልከፍትም ሊል ይችላል። ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ሲነሳ የተከፈተ ቁልፍ ምልክት ካሳየ ተነካክቷል። ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ ስለ መተግበሪያው የሚለው ላይ የፕሌይ ፕሮቴክት ማረጋገጫ እዩ፤ ስልኩ የተረጋገጠ ነው ማለት አለበት። እና ከሱቁ ሳትወጡ ቴሌብርንና የምትጠቀሙበትን የባንክ መተግበሪያ ጭናችሁ ግቡበት። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

መለዋወጫውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ስልኩን ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ሻጩ ሳይሆን ወደ ጠጋኙ ሂዱ። ደብረ ብርሃን ላይ ሞባይል የሚጠግን የምታውቁት ልጅ ጋ ገብታችሁ «ወንድሜ፣ የዚህ ስልክ ስክሪን አለህ? ስንት ታስገባለህ?» በሉት። «አዲስ አበባ ይታዘዛል» ካለ፣ የመጠበቂያውን ጊዜም ጠይቁ። ስክሪኑ የስልኩን ዋጋ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እኔ አልገዛውም። ቴክኖና ኢንፊኒክስ እዚህ የሚበልጡት በዚህ ነው፤ የሁለቱም ባለቤት ትራንሽን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ አለው፣ ስልኮቹም በየከተማው በብዛት ስላሉ ዕቃቸው አይጠፋም። ግን ሞዴሉን ለይታችሁ ጠይቁ፤ ቴክኖ ሁሉ አንድ ስክሪን አይጋራም።

ሱቅ ውስጥ የምትሠሩት

በቂ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት። *#06# ደውሉና የሚወጣውን የስልኩን መለያ (አይኤምኢአይ) ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ሲፒዩ ዜድ ወይም ዴቭቼክ የሚባለውን መተግበሪያ ጫኑና የቺፑን ስም አንብቡ። ኮፒ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ የፈለጉትን ይጽፋሉ፤ ስናፕድራጎን 8 ጄን 3፣ ራም 16፣ ሜሞሪ 1 ቴራ ብሎ ውስጡ ሌላ ይሆናል። ትልቅ ፊልም ቅዱና ያው ፋይል እስከ መጨረሻው ሲጫወት እዩ።

ከዚያ ዋናው ፈተና። 3ዲማርክ የሚባለውን ጫኑና ዋይልድ ላይፍ ስትረስ ቴስት የሚለውን አስጀምሩ። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ 20 ጊዜ ይደጋግማል። ሲጨርስ ምርጡን ዙርና ደካማውን ዙር ያሳያችኋል፣ ፐርሰንትም ይሰጣል። 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስልኩ ሙቀቱን ችሏል። 60 ምናምን ከሆነ፣ የምትከፍሉበት ፍጥነት ሲሶው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ደብረ ብርሃን ላይ ከሆነ የፈተናችሁት፣ ሸዋሮቢት ላይ ከዚያ እንደሚያንስ አስቡ። ፈተናው እየሄደ ጀርባውን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ለመያዝ የሚያቃጥል ከሆነ ሕፃናት ላሉበት ቤት አልመክረውም።

ያ ሲያልቅ ካሜራውን በ4ኬ ከፍታችሁ ለአሥር ደቂቃ ቅረጹ፣ ወደ ሱቁ ጨለማ ጥግም አዙሩት። በድምፅ ማጉያ ደውሉ። ስክሪኑን ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር አድርጋችሁ መስመር ወይ ነጥብ መኖሩን እዩ።

ያገለገለ ሳምሰንግስ?

ብዙ ሰው በዚሁ ብር ያገለገለ ጋላክሲ ኤስ ልግዛ ወይ ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ካሜራው፣ ስክሪኑ፣ ውሃ መቻሉ ከርካሾቹ ይበልጣል። ግን እዚህም ፕሮሰሰሩን እዩ፤ ኤስ21 ላይ 888 ወይም የሳምሰንግ የራሱ ቺፕ ኤክሲኖስ 2100 ነው፣ ኤስ22 ላይ 8 ጄን 1 ወይም ኤክሲኖስ 2200 ነው፣ አራቱም ሙቀት ላይ አይመሰገኑም። ኤስ23 ግን በየትኛውም አገር ቢሸጥ 8 ጄን 2 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ስለሆነ የደህንነት አፕዴቱ እስከ 2028 ይሄዳል። ንጹሕ ኤስ23 በዋጋችሁ ካገኛችሁ እኔ እሱን ከአዲስ ፖኮ አስበልጣለሁ፤ ባትሪው 3900 ብቻ መሆኑን ግን አስባችሁ፣ ፓወር ባንክ አብራችሁ ያዙ። የቀድሞ ባለቤቱ ጎግል አካውንት መውጣቱን አረጋግጡ፣ ሁለት የተለያዩ ሲሞችም ሞክሩበት፣ በውጭ አገር ኔትወርክ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል።

ማን ምን ይግዛ?

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆንሽ ወይም ከሆንክ፣ ላፕቶፕ ከሌለና ስልኩ ሁሉንም የሚሠራ ከሆነ፣ 8 ጊጋ ራም ከ256 ጋር ያለው፣ 7 ፕላስ ጄን 2 ወይም ዳይመንሲቲ 8200 የያዘ ስልክ እስከ ምርቃት ያደርሳል፣ ከዚያም ያልፋል። ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ የምትሠሩ፣ ካፕከት ላይ ውላችሁ የምታድሩ፣ ለእናንተ ፕሮሰሰሩ የሥራ መሣሪያ ነው፤ ብሩን አትሰስቱ፣ ግን ካሜራውን ቀድማችሁ እዩ። ሸዋሮቢት ሽንኩርትና ፍራፍሬ የምትነግዱ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ጆሯችሁ ላይ የሚውል፣ ፕሮሰሰሩን ተዉትና ትልቅ ባትሪና ጎላ ያለ ድምፅ ግዙ።

መንዝ ላለች እናታችሁ ከአረብ አገር ልጅዋ ጋር በኢሞ እንድታወራ ስልክ የምትገዙላት ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ የፕሮሰሰር ነገር አታምጡባት። ሰፊ ስክሪን፣ ጮክ የሚል ድምፅ፣ ሁለት ቀን የሚቆይ ባትሪ። ከዚያ ጽሑፉን ትልቅ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጋችሁ፣ የልጅዋን ስም ፊት ለፊት ገጹ ላይ አስቀምጡላት።

ከከፈላችሁ በኋላ ደረሰኙ ላይ አይኤምኢአይ ቁጥሩ፣ ራሙና ሜሞሪው፣ እንዲሁም ሻጩ ችግር ቢገኝበት በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀይር በጽሑፍ ይሥፈር። ካርቶኑንም አትጣሉት።